ቁልቁለቱን ማን ይጠብቀው?



ኮልፌ ተወልዶ ያደገ ሰው የኩሽኔታ መኪናን አይረሳም። እኛም ልጆች ሳለን ሳንቃ መትተን፣ ከጋራዥ የለመንነውን አሮጌ ኩሽኔታ ጎማ አድርገን ከዐስር ሶላት በኋላ ቁልቁለቱ አናት ላይ እንሰለፍ ነበር። መሪያችን ገመድ፣ ፍሬናችን ጫማችን ነው። ዳኛው ባለሱቁ ነበር። እናቶች ደጃፍ ላይ ሆነው ይቆጡናል፤ ደግሞም ይስቃሉ። አንድ ትልቅ ሰው ታች ቆሞ መኪና ሲመጣ እጁን ያነሳል፤ እጁ እስኪወርድ ማንም አይነሳም። የወደቀውን፣ የማንም ልጅ ይሁን፣ ቅርብ ያለችው እናት ቁስሉን ታጥብለታለች። የሰፈር ሰው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ የሚተዋወቀው እዚያ ነበር።

ዛሬ ቁልቁለቱ አስፋልት ሆኗል። መኪና በዛ፤ ታች የሚቆም ሰው ጠፋ። እኛም «ጫጫታው ቀረልን» አልን። ውድድሩ ግን አልቀረም፤ ሰው ወደማያይበት ሌሊት ሄደ።

ባለፈው ዓመት በሌሊት በሞተር ሲሽቀዳደም የሞተ የ19 ዓመት ወንድማችንን አጥበን ኮልፌ መቃብር ቀበርን። አላህ ይዘንለት። ከቀብር ስንመለስ ጓደኞቹን መከርን። አንዱ ቀና ብሎ፦ «እሺ ኡስታዝ፣ የት እንሽቀዳደም?» አለን። መልስ አልነበረንም።

ሽቅድምድምን እንዳለ «ሐራም» ብለን መዝጋት አንችልም። ቡኻሪና ሙስሊም ከኢብኑ ዑመር እንደዘገቡት፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፈረሶችን አሽቀዳድመዋል። ለውድድር የተዘጋጁት ከሐፍያእ እስከ ሠኒየተል ወዳዕ፣ ያልተዘጋጁት ደግሞ ከሠኒያው እስከ በኒ ዙረይቅ መስጂድ ሮጠዋል። ልብ በሉ! መነሻውም መድረሻውም የታወቀ ነው፤ ለደካማው አጭር መንገድ ተለይቶለታል፤ የአንዱ መጨረሻም መስጂድ ነው።

በ2011 ከተማችን «መንገድ ለሰው» ብላ በአንዳንድ እሑዶች አስፋልቱን ለመኪና ስትዘጋ ሕፃናት ሲሮጡበት አይተናል። እኛስ ወረዳውን ጠይቀን ቁልቁለታችንን በወር አንድ ጠዋት ብናስከፍት? ውርርድ የሌለበት፣ ወላጅ የቆመበት ውድድር ይሁን።

ወንድሞቻችን፣ እስከዚያው በሌሊት አትውጡ። ታላላቆች፣ እናንተ ደግሞ ውጡ። ባለሱቁ ይዳኝ፤ ታች ቆመን እጅ የምናነሳው እኛ ነን፣ ኢንሻአላህ።