ሆሞሻ፦ አቧራ፣ ዝናብና የመኪና በር

ከአሶሳ ተነስተው በኩርሙክ አቅጣጫ ወደ ሰሜን ሲጓዙ ሆሞሻን ያገኛሉ። የበርታ ሕዝብ አገር ናት፤ በየግቢው ማንጎ፣ በየአጥሩ ቀርከሃ አለ። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናብ ነው፤ በጋው ደግሞ የቀይ አቧራ ነው። ሁለቱም የመኪና ጠላቶች ናቸው። ዝናቡ የበር ማጠፊያውን ቅባት አጥቦ ይወስደዋል፤ አቧራው ከተረፈው ጋር ተለውሶ ብረቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

በነርስነት ዘመኔ መኪናን የማውቀው በኋላ በሩ ነበር። ምጥ የያዛት እናት ደርሳ በሩ አልከፈት ሲል፣ ስንት ሰው እየተጋፋ እንደሚታገል አይቻለሁ። በገጠር መንገድ የቤተሰብ መኪናም አንድ ቀን አምቡላንስ ይሆናል።

ሥራው ከባድ አይደለም፤ በቤትዎ ይሠሩታል። መጀመሪያ ማጠፊያውንና መቆለፊያውን በጨርቅ ጠርገው ያድርቁ። በአቧራ ላይ የፈሰሰ ዘይት ጭቃ ነው። ለማጠፊያው ጥቂት ቀጭን ዘይት፣ ለበሩና ለኮፈኑ መቆለፊያ ስስ ግራሶ ይበቃል። በሩን ደጋግመው ከፍተው ይዝጉና ትርፉን ይጥረጉ። ለቁልፍ ቀዳዳ የግራፋይት ዱቄት ይሻላል። የበሩን ጎሚኒ ግን ዘይትና ግራሶ ስለሚጎዱት በሲሊኮን ቅባት ብቻ ያብሱት።

ከሥር ያለው ክሮቸራ የግራሶ ማስገቢያ ካለው አፉን ጠርገው፣ አዲሱ ግራሶ በጠርዙ ብቅ እስኪል በፓምፕ ይሙሉት። ፍሬኑን ቅባት እንዳይነካው። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ጠንካራ ድጋፍ ያስፈልጋል፤ ጎማውም ይታገድ።

አያቶች ሆይ፣ ዘይትና ናፍጣ በለስላሳ ጠርሙስ አታስቀምጡ። ልጅ ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ ከጠጣ እንዲያስመልስ አታድርጉት፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና። ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ግንቦት ሳይገባ አንድ ጊዜ፣ ዝናቡ ሲያበቃ ሌላ ጊዜ ቅባቱን ያድሱ። ሲጨርሱም የኋላ በሮችን የሕፃናት መቆለፊያ ፈትተው፣ እያንዳንዱን በር ከውስጥም ከውጭም ከፍተው ይሞክሩ። በአንድ እጅ ካልተከፈተ፣ በችግር ሰዓት አይከፈትምና ጋራዥ ይውሰዱት። ከዚያ የልጆቹን መቆለፊያ መመለስ አይርሱ።