ለዕቃው ዋስ አለ፤ ለእናታችንስ?

ያገራችን ሰው ሠራተኛ ሲቀጥር አስቀድሞ «ዋስሽ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ልማዱ መልካም ነው። ነገር ግን ዋሱ የሚፈርመው ለሚጠፋው ዕቃና ገንዘብ ነው እንጂ፣ ከአልጋ ለማይነሣ ሽማግሌ ወይም ለደከመች አሮጊት ገላ አይደለም። ይህን ልዩነት አጥርተን ያወቅነው በገዳሪፍ በነበርንበት ጊዜ ነው።

ገዳሪፍ በመተማና በገላባት በኩል ወደ ሱዳን የሚዘልቅ መንገደኛ የሚደርስባት፣ በማሽላና በሰሊጥ ምርት የታወቀች ከተማ ናት። ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ወገኖቻችን በዚያው ግዛት በኡም ራኩባ፣ በኋላም በቱናይድባ መጠለያ ሰፈሩ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በሱዳን በራሷ ጦርነት ተነሥቶ፣ ከካርቱም የተፈናቀለ ሕዝብ ወደ ከተማይቱ ጎረፈ። እንዲህ ባለ ጊዜ ጎረቤት ጎረቤቱን አያውቅም፤ ዋስ የሚሆን ዘመድ አይገኝም፤ የምስክር ወረቀትም በመንገድ ይጠፋል።

ቀን ለእንጀራ ስንወጣ እናታችንን የሚያስታምም ሰው አስፈለገን። ሙያው አለን ያሉ ሦስት ሰዎች መጡ። ወረቀት ስላልነበራቸው ስለ ሥራው ጠየቅናቸው። «የተኛ ሰው በስንት ጊዜ ይገላበጣል?» ብንል አንደኛዋ «ሲያመው ይናገር የለም ወይ?» አለች። ሁለተኛው ከደመወዙ በቀር ሌላ ነገር አላነሣም። ሦስተኛዪቱ ግን እኛን ትታ ወደ አልጋው ቀረበችና «እማማ፣ በየትኛው ጎንዎ ሲተኙ ይመችዎታል?» ብላ ጠየቀች። ቀጥላም በየሁለት ሰዓቱ ጎን መለወጥ እንደሚገባ፣ ቁስል ከመውጣቱ በፊት ተረከዝና ወገብ እንደሚቀላ፣ አረጋዊ ጥሙ እምብዛም ስለማይሰማው በዚያ ሙቀት ሳይጠይቅ ውሃ መስጠት እንደሚያስፈልግ አስረዳችን።

ቃሏ ቢያስደስተንም በቃል ብቻ አልረጋንም። አንድ ሳምንት ሙሉ በየተራ አብረናት ዋልን፤ ከዚያም በኋላ ባልታሰበ ሰዓት እየመጣን አየን። እናታችንንም ለብቻዋ ጠየቅናት። አረጋዊ «ብናገር ጥላኝ ትሄዳለች» ብሎ ስለሚፈራ፣ «ደግ ናት ወይ?» ቢሉት «ደግ ናት» ከማለት አያልፍም። ስለዚህ ጥያቄአችን «ዛሬ ምን ተበላ? ገላስ መቼ ታጠበ?» የሚል ነበር።

የምታስታምመውም ሰው ናትና ደመወዟን በቀኑ መክፈል፣ የዕረፍት ቀኗንም ማክበር ይገባል፤ የደከመ እጅ ሳያስበው ይከብዳልና።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ ወላጅና ልጅ እርስ በርሳቸው የመረዳዳት ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። ሆኖም ሕግ በአልጋው ራስጌ ቆሞ አይጠብቅም። ጧሪ መቅጠር ይቻላል፤ የጧሪነትን ኀላፊነት ግን ከደመወዙ ጋራ ለሌላ ማስረከብ አይቻልም። ለዕቃው ዋስ ሌላ ሰው ይሁን፤ ለወላጅ ገላ ግን ዋሱ ልጅ ነው።