ከፓኔሉ በፊት ደብተሩ

እታለም ባሕር ዳር ወተትና እርጎ ትሸጣለች። ቤተሰቡን ሁሉ የያዘው አንድ ፍሪጅ ነው። አምና ክረምት፣ መብራት በጠፋ በሁለተኛው ቀን፣ ሱቋን ዘግታ እንደገባች ፍሪጁ ቆመ። ጠዋት ስትከፍተው 20 ሊትር ወተት ኮምጥጦ ጠበቃት። ሶላሩ ከገባ ገና ዓመቱ ነበር። የሸጠላት ሰው «ለሙሉ ቤት ይበቃል» ብሏት፣ የዕቁብ ብሯን አውጥታ ነው የገዛችው። ሶላሩን ለማየት ስደርስ «ፀሐዩስ ሞልቷል፤ ታዲያ ምን ጎደለኝ?» አለችኝ። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም።

የልጇን የሒሳብ ደብተር ይዘን ቁጭ አልን። ፍሪጁን ከግድግዳው ስበን ጀርባው ላይ የተለጠፈችውን ጽሑፍ በስልክ መብራት አነበብናት። 150 ዋት ትላለች። ሞተሩ እየተነሳ እያረፈ በቀን 10 ሰዓት ያህል ቢሠራ 1500 ዋት-ሰዓት ይሆናል። አራት ባለ 9 ዋት አምፖል ለ5 ሰዓት፣ 180። ቴሌቪዥኑ 60 ዋት፣ ለ5 ሰዓት 300። ስልክ ምናምኑ ሲጨመር 2000 ሞላ። ከዚያ ጣሪያው ላይ ያለውን ቆጠርን፤ ባለ 150 ዋት ሁለት ፓኔል። በጥሩ ፀሐይ አምስት ሰዓት ሙሉ ጉልበታቸውን ሰጡ ብንል እንኳ፣ በሙቀት፣ በአቧራና በሽቦ የሚባክነው ሲቀነስ ከ1100 ብዙ አያልፍም። በቀን 2000 ይወጣል፣ 1100 ይገባል። እታለም ነጋዴ ናት፤ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። እርሳሱን አስቀምጣ ዝም አለች።

ባትሪው አንድ ባለ 12 ቮልት 200 አምፒር-ሰዓት ነበር። 12 ቮልት በ200 ሲባዛ 2400 ዋት-ሰዓት ነው። የሊድ አሲድ ባትሪ ግን በየቀኑ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ያጥራል፤ ሳይጎዳ የሚወጣው 1200 ገደማ ብቻ ነው። የእሷ በየሌሊቱ እስከ ታች ይራቆታል፣ በነጋታው ሳይሞላ ይመሽበታል። ገዢ ሁሉ ስለ ፓኔል ይጠይቃል፤ ብሩ የሚቀልጠው ግን ባትሪው ላይ ነው። የሊትየም ባትሪ ዋጋው ሲጠራ ያስደነግጣል። ነገር ግን ከያዘው 80 በመቶውን ሳይጎዳ ይሰጣል፣ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜም ይሞላል ይወርዳል። ብር አልበቃ ካለ እኔ ባትሪውን ሳላሳንስ ቴሌቪዥኑን ከሒሳቡ አወጣለሁ።

የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ የሚለውጠው ኢንቨርተርም ርካሹ፣ ሞዲፋይድ የሚሉት ነበር። አምፖል ያበራል፤ የፍሪጅ ሞተር ግን በእሱ ሲነዳ ያጉረመርማል፣ ይግላል። ሞተር ላለው ዕቃ ፒዩር ሳይን ነው የሚገዛው፤ ያውም ጉልበቱ ተርፎ፣ ምክንያቱም ሞተሩ ሲነሳ ለቅጽበት ከተጻፈበት ዋት ብዙ እጥፍ ይጠይቃል።

ጣሪያው ላይ ስወጣ ደግሞ የጎረቤት አቮካዶ ከረፋድ ጀምሮ የአንዱን ፓኔል ጥግ ሲያጠላበት አየሁ። የእጅ መዳፍ የምታህል ጥላ ናት። ሆኖም በፓኔሉ ውስጥ ያሉት ሕዋሶች ተያይዘው የተሰለፉ ስለሆኑ፣ ቱቦ አንድ ቦታ ላይ ሲረገጥ ውኃው ሁሉ እንደሚቀንስ፣ የአንዷ ጥላ የሌሎቹንም ይቀንሳል። ፓኔል የሚሰቅልላችሁ ሰው ጠዋት መጥቶ ጠዋት ከሄደ፣ ቆይቶ የሚመጣውን ጥላ አላየም ማለት ነው። አቅጣጫው በእኛ አገር ወደ ደቡብ ነው፤ ዝናብ አቧራውን እንዲያጥብለት ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ዘንበል ቢል ይበቃዋል።

«እንጀራስ?» አለች እታለም፤ የማይቀር ጥያቄ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይስባል። ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢጋገርበት ከ5000 ዋት-ሰዓት በላይ ይበላል፤ ከሱቋ የሁለት ቀን ፍጆታ የሚበልጥ በአንድ ጋገራ ማለት ነው። ምጣዱን ለመብራት ኃይል ተይው አልኳት። ለምጣድ የሚበቃ ሶላር አለ፤ የወተት ሱቅ ግን አይሸከመውም።

ግድቡ ተመርቆ ሶላር ለምን የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ህዳሴ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ሲመረቅ እኔም እንባዬ መጥቷል፤ 5150 ሜጋዋት ቀላል ነገር አይደለም። ባሕር ዳር ራሷ ዓባይ ከጣና የሚወጣባት ከተማ ናት። የእታለምን መብራት ብዙ ጊዜ የሚያጠፋው ግን የውኃው ማነስ አይደለም። በሰፈሯ ያለው ትራንስፎርመር፣ የዘመመው የእንጨት ምሰሶ፣ በነፋስ የሚነካካው ሽቦ ነው። እሱ እስኪስተካከል ወተቱ አይጠብቅም።

አሁን ባለ 550 ዋት ሁለት ፓኔል ከአቮካዶው ርቆ ተሰቅሏል። ልኩን ያወጣነው በሐምሌ ደመና ነው፤ ጉልበታቸው በግማሽ ቢወርድ እንኳ 2000 ይሰጣሉ። ባትሪው ባለ 24 ቮልት 100 አምፒር-ሰዓት ሊትየም ነው። ሃይብሪድ ኢንቨርተሩ መብራት ሲኖር ከመስመሩም ይሞላል። ሁሉም በአንድ ጊዜ አልተገዛም፤ ፓኔሉና ኢንቨርተሩ ቀድመው፣ ባትሪው ከሁለት ዕቁብ በኋላ።

ባለፈው ሳምንት ስሄድ መብራት ጠፍቶ ነበር። ፍሪጁ ይሠራል። ጎረቤቷ ልብስ ሰፊው ገብቶ «እታለም፣ ለእኔስ ስንት ፓኔል ይበቃኛል?» አላት። ደብተሩን ከመደርደሪያው አወረደች፣ ባዶ ገጽ ገለጠች፣ «ሂድና የካውያህን ጀርባ አንብበህልኝ ና» አለችው።