የጉጉቷ ተራ

ትናንት እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ዮርክሸር ውስጥ፣ ስምንት ሆነን በሰው እጅ ያደጉ አዳኝ ወፎችን ፎቶ ማንሳት ስንማር ዋልን። ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። መሬቱ በበረዶ ተሸፍኗል፤ የካሜራው ብርሃን መለኪያ በንጣቱ ስለሚታለል የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎቼ አመድ መሰሉ። አሠልጣኙ «ብርሃኑን አንድ ደረጃ ጨምሪ» አለኝ፤ በረዶው በረዶ ሆነ። (ትርፍ ባትሪዬን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ነበር፤ ብርድ ባትሪ ይበላል።)

ንስሩ እንደ ደጃዝማች ተኮፍሶ ፎቶ ተነሳልን። ጉጉቷ ግን ካፊያ እንደጀመረ ወደ ቤቷ ተወሰደች። ያለ ድምፅ የሚያስበርራት ለስላሳ ላባዋ ውሃ አይችልማ! እኛን ማንም አላስገባንም።

ማታ የጉጉቷን ፎቶዎች ሳገላብጥ እግሯ ላይ የታሰረው የቆዳ ጠፍር በሁሉም ላይ አለ። በኮምፒውተር ላጠፋው ጀመርኩና ተውኩት።