መልስ የነፈግኩት ጥያቄ

የእህቴ ልጅ ከሒሳብ የራቀችው በእኔ ምክንያት ነው። ይህን ለእናቷ ለመናገር ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ልጅቷ እንደ ሰነፍ ስትቆጠር እያየሁ ዝም ብያለሁ። አሁን ጥፋቴን ሳላድበሰብስ መጻፍ እፈልጋለሁ። ልጁን ወይም ታናሹን በግል ሒሳብ ለማስጠናት ፕሮግራም የሚያወጣ ሰው ካለም የት ላይ እንደሳትኩ ይይልኝ።

ነገሩ የሆነው እዚህ ለንደን ነው። በእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚዘጋጅ ተማሪ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ሦስት ወይም አራት ትምህርት መርጦ ኤ-ሌቭል ይፈተናል። ከመደበኛው ሒሳብ ሌላ «ፈርዘር ማትስ» የሚባል ራሱን የቻለ ትምህርት አለ፤ ኮምፕሌክስ ቁጥር፣ ማትሪክስ፣ በኢንዳክሽን ማረጋገጥ፣ ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን እያለ ከሒሳቡ በላይ ይዘልቃል። ካምብሪጅ ገብቶ ሒሳብ መማር የሚፈልግ ተማሪ ይህን መውሰድ አለበት። የሚመርጡት ልጆች ጥቂት ሲሆኑ ግን መምህር የማይመድቡ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ የእሷም እንደዚያ ነበር። «በራሴ አጠናዋለሁ» አለች። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ሒሳብ ትወድ ነበር፤ የመልመጃውን መልስ ካገኘች በኋላ በሌላ መንገድም ይመጣ እንደሆነ ለማየት እንደገና የምትሠራ ልጅ ነበረች።

እናቷ፣ እትዬ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊት ትሠራለች። እኔ አራት ኪሎ ሒሳብ ስለተማርኩ «አንተ ታውቅበታለህ፤ አደራ» አለችኝ። አደራውን በደስታ ተቀበልኩ።

ለአንድ ኤ-ሌቭል የሚታሰበው የትምህርት ጊዜ 360 ሰዓት እንደሆነ አነበብኩ። ከመስከረም እስከ ግንቦት ያለውን 36 ሳምንት ብዬ ያዝኩት፤ በሳምንት 10 ሰዓት፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየማታው ሁለት ሁለት ሰዓት ማለት ነው። ያለ ቀሪ ስለተካፈለልኝ ልክ መሰለኝ። የመጻሕፍቱን ገጽ ቆጥሬ ለየማታው እኩል እኩል አደልኩና በኤክሴል ሠንጠረዥ አሰፈርኩት። የተጠናው አረንጓዴ ይቀባል፤ ቀኑ ያለፈበት ቀይ ይሆናል።

ያ 360 ሰዓት ግን መምህሩ ክፍል ውስጥ ቆሞ በሚያስተምርበትና ተማሪውን በቅርብ በሚከታተልበት ጊዜ የሚቆጠር ነው። ተማሪው ቤቱ ገብቶ ብቻውን የሚሠራው መልመጃና ክለሳ ከዚያ ውጪ ነው። እኔ መምህሩን አውጥቼ ሰዓቱን እንዳለ ተውኩት። ክፍል ውስጥ እጁን ያወጣ ልጅ በሁለት ደቂቃ የሚመለስለትን ነገር፣ ብቻውን የሚያጠና ልጅ አንድ ማታ ሙሉ ሲታገለው ሊያድር ይችላል። ለዚያ ዓይነቱ ማታ በሠንጠረዡ ላይ ቦታ አልተውኩለትም።

ቅደም ተከተሉንም አበላሽቼዋለሁ። የፈርዘር ማትስ ብዙ ምዕራፎች በመደበኛው ሒሳብ ላይ የቆሙ ናቸው። ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን ለመፍታት ኢንቴግሬሽን በእጅ ላይ መሆን አለበት፤ ትምህርት ቤቷ ደግሞ ከበድ ያለውን ኢንቴግሬሽን ሊያስተምር ያሰበው ከገና በኋላ ነበር። እኔ መጽሐፉ ያስቀመጠውን ቅደም ተከተል ብቻ ተከትዬ ኅዳር ላይ ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን አስገባሁባት። መምህሯ እስከዚያ የት እንደሚደርስ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅኳትም። ብጠይቃት ኖሮ በአምስት ደቂቃ ትነግረኝ ነበር።

እነዚህ የስሌት ጥፋቶች ናቸው፤ ሰው ሊያርማቸው ይችላል። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን በጥቅምት የሆነው ነው። ኢንዳክሽን ላይ ነበረች። ሰባትን በራሱ የፈለግነውን ያህል ጊዜ አባዝተን አንድ ብንቀንስ፣ ውጤቱ ሁልጊዜ ለ6 ያለ ቀሪ እንደሚካፈል አረጋግጪ ይላል መልመጃው። 7 ሲቀነስ 1፣ 6 ነው። 49 ሲቀነስ 1፣ 48። 343 ሲቀነስ 1፣ 342። ሁሉም ይካፈላሉ፤ ነገር ግን እስከ መቼ ቆጥረን እንጨርሳለን? ኢንዳክሽን እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ለመጀመሪያው ቁጥር ማሳየት፣ ለአንዱ እውነት ነው ብሎ መነሳት፣ ከዚያም ለቀጣዩ እውነት መሆኑን ማውጣት። ቅርጹን ጽፋ ጨርሳ ነበር፤ ልክ ነበረች። ከዚያ እርሳሷን አስቀመጠችና «ጋሼ፣ ልናረጋግጠው የፈለግነውን ነገር እንዴት ቀድመን እውነት ነው እንላለን? ይሄ ማጭበርበር አይደለም ወይ?» አለችኝ።

ከዚህ የተሻለ ጥያቄ በዚያ ምዕራፍ ላይ ሊጠየቅ አይችልም። ቅርጹን የሸመደደ ልጅ አይጠይቀውም፤ ማረጋገጥ ምን እንደሆነ ማሰብ የጀመረ ልጅ ብቻ ነው የሚጠይቀው። እኔ ደግሞ ዓይኔ ሠንጠረዡ ላይ ነበር። «አሁን ቅርጹን ያዢው፤ ኋላ ይገባሻል። ነገ ማትሪክስ እንጀምራለን» አልኳት። እሷም መጽሐፉን ዘጋች።

ልሰጣት የሚገባኝ መልስ ረጅም አልነበረም። 342 ማለት 48 በ7 ተባዝቶ 6 ሲጨመርበት ነው፤ ስለዚህ 48 ለ6 ከተካፈለ 342ም መካፈሉ የማይቀር ነው። የትኛውንም ጥንድ ብንወስድ እንዲሁ ነው፤ ቀጣዩ የሚገኘው ያለፈው በ7 ተባዝቶ 6 ሲጨመርበት ነው። «ለአንዱ እውነት ከሆነ» ስንል መካፈሉን ገና እያመንን አይደለም፤ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ የሚያሻግር መንገድ መኖሩን ብቻ ነው የምናሳየው። መካፈሉን የምናውቀው የመጀመሪያውን 6 በዓይናችን ስላየን ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ሁሉም ይከተላል። አንድ ማታ፣ ምናልባት ሁለት ማታ ቁጥር እየቀያየርን ብንቀመጥ ኖሮ ይህን ራሷ ታገኘው ነበር። ሁለት ቀይ ሣጥን ፈርቼ ነው ያሳለፍኩባት።

ከዚያ በኋላ ብዙም ጥያቄ አልጠየቀችኝም። ያንን ዝምታ እንደ ጉብዝና ቆጠርኩት፤ ሠንጠረዡ አረንጓዴ ነበርና። የካቲት ላይ ግን ከገና በፊት የጨረሰችውን ምዕራፍ አንስቼ፣ ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 8 የሚሰጥ ቁጥር ሁሉ ፈልጊ አልኳት። 2 ብላ ጻፈችና ቆመች። በኮምፕሌክስ ቁጥሮች ሦስት መልስ አለው፤ ሦስቱም በአንድ ክብ ላይ እኩል ተራርቀው ይቀመጣሉ። ያንን ምዕራፍ አረንጓዴ ቀብታው ነበር። ሳታጠና እንደቀባችው ገባኝ። ለምን እንዲህ እንዳደረገች አልጠየቅኳትም። «እሑድም ትጨምሪያለሽ» አልኳት። ቀዩ ሣጥን እንደ ዕቁብ ዕዳ ሆኖባት ነበር፤ በየሳምንቱ ይመጣል፣ ያልከፈለችው ደግሞ ይጠብቃታል። እኔ ዕዳውን አበዛሁት።

እኛ እግራችንን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክረን እንቅልፍ እያባረርን ማትሪክ ያጠናን ልጆች ነን። ያንን እየነገርኩ አሳፍራት ነበር። ስለ ሒሳብ ሊቁ ራማኑጃንም ነግሬያታለሁ፤ ሕንድ አገር ያለ መምህር ከአንድ የቲዎረም መጽሐፍ ተነስቶ ሒሳብን በራሱ እንደተማረ። የነገርኳት ግማሹን ነው። ያው ራማኑጃን ኩምባኮናም በሚገኘው ኮሌጅ ሳለ ለሒሳብ ብቻ አድልቶ በሌሎቹ ትምህርቶች ስለወደቀ የትምህርት ድጎማውን አጥቷል። የእህቴ ልጅም ፊዚክስና ኬሚስትሪ ነበራት፤ እነዚያን የምታጠናበትን ማታ እኔ ወስጄባት ነበር።

የተፈተነችው በግንቦትና በሰኔ ነው። አራት ወረቀት፣ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ እያንዳንዱ ከ75። ነሐሴ ላይ ውጤቱ ሲመጣ ፈርዘር ማትሱ ለማለፍ ያህል ብቻ ሆነ፤ መደበኛው ሒሳብና ፊዚክሱም ከተጠበቀው ዝቅ አሉ። ሒሳብ ልትማርበት የነበረውን ቦታ አጣች። እትዬ ከሌሊት ሥራ ተመልሳ፣ ኮቷን ሳታወልቅ፣ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። «ፕሮግራሙን አልተከተለችም» አልኳት። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ቃል አልተነፈሰችም። ሌላ ትምህርት መርጣ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ አሁን ሥራ ይዛለች፤ ሒሳብን ግን ከዚያ ወዲህ አልነካችውም።

ቆይቼ ስለ ጥናት ማንበብ ጀመርኩ። በመጀመሪያ ያነበብኩት ራሴን ለማጽናናት ነበር፤ ያገኘሁት ግን ተቃራኒውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ዳግ ሮረርና ኬሊ ቴይለር የተባሉ ተመራማሪዎች የኮሌጅ ተማሪዎችን የአራት ዓይነት ጠጣር ቅርጾችን መጠን እንዲያሰሉ አለማመዱ። ገሚሶቹ አንዱን ዓይነት ጨርሰው ወደ ሌላው አለፉ፤ ገሚሶቹ ሁሉንም አደበላልቀው ሠሩት። በልምምዱ ጊዜ ለይተው የሠሩት 89 በመቶ ሲያገኙ፣ የቀላቀሉት ያገኙት 60 በመቶ ብቻ ነበር። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ለይተው የሠሩት ወደ 20 በመቶ ወረዱ፤ የቀላቀሉት 63 በመቶ አገኙ። የፈተና ወረቀት ላይ ጥያቄው የየትኛው ምዕራፍ እንደሆነ የሚነግር የለም፤ ተማሪው ራሱ መለየት አለበት። የእኔ ፕሮግራም አንድ ምዕራፍ ዘግቶ ሳይመለስበት ወደ ሌላው ይሄዳል። ያ አረንጓዴ ሁሉ፣ እውነተኛው እንኳ፣ ሊያታልለን የሚችል አረንጓዴ ነበር።

ሮጀር ቢውለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጥናት ደግሞ፣ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚሠሩ ተማሪዎች በአማካይ በ33.9 ቀን እንጨርሳለን ብለው ገመቱ፤ የፈጀባቸው ግን 55.5 ቀን ነበር። የራሳቸውን ሥራ ገማቾቹ እንዲህ ከሳቱ፣ እኔ የሰው ልጅ ማታ በደቂቃ ስመድብ የነበረውን አስቡት።

አሁን ማንም ቢጠይቀኝ ከሳምንቱ ሰዓት ሲሶው ባዶ ይሁን እላለሁ፤ ለተንጓተተው፣ ለቆየው ምዕራፍ ክለሳ፣ «ለምን?» ተብሎ ለሚጠየቅበት ማታ። በትምህርት ቤት የሚሰጠው ሒሳብ ይቅደም። ከምዕራፍ የሚታለፈው መጽሐፉ ተዘግቶ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከሌላ ጋር ተቀላቅሎ የመጣ መልመጃ ሲሠራ ነው። አንዱን ምርጫ ትቶ መደበኛውን ሒሳብ በደንብ መያዝም ውርደት አይደለም፤ ይህን በጊዜው ልላት ይገባኝ ነበር።

ለእትዬ የነገርኳት በቅርቡ ነው። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ለእሷ ንገራት እንጂ» አለችኝ። ሄጄ ነገርኳት። ስለ ኢንዳክሽኑ፣ ስለ እሑዱ፣ ከሁሉም በላይ እናቷ ፊት ስለዋሸሁት። ጥያቄዋን አላስታወሰችውም። ያስታወሰችው የቀባቻቸውን ሣጥኖች ነበር። «እኔም እኮ ዋሽቼህ ነበር» አለችኝ፣ ይቅርታ በሚጠይቅ ድምፅ። ያ ውሸት የእሷ እንዳልሆነ፣ እውነቱን ለመናገር የሚያስፈራ ሰው ሆኜባት እንደነበር ነገርኳት። እስከዚያ ቀን ድረስ በራሷ ላይ ይዛው ኖራለች።