መቶ ያልሞላው ውሃ

ነገሩ የሚጀምረው በከሰል ምድጃ ላይ ከተጣደ አንድ ድስት ውሃ ነው። ጊዜው ሐምሌ 2011 ዓ.ም.፣ ቦታው ቢቸና። ዘጠኝ ነበርን። ለክረምት በጎ ፈቃድ ተመዝግበን፣ ሳይንስን ከጥቁር ሰሌዳ አውርደን ልጆች በእጃቸው እንዲነኩት እናደርጋለን ብለን የወጣን ተማሪዎች። ሁለት ካርቶን ዕቃ ይዘናል፤ ቴርሞሜትር፣ ማግኔት፣ የእጅ ሌንስ፣ አምፑል፣ ሽቦና ባትሪ ድንጋይ። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ በኩል ባሕር ዳር የሚያወጣውን መንገድ ስንይዝ፣ ካርቶኖቹን እንደ እንቁላል ጉልበታችን ላይ አቅፈናቸው ነበር።

ለምን እንደወጣን እናውቅ ነበር። እኛ ራሳችን አሥራ ሁለት ዓመት ስንማር ሙከራ ማለት መምህሩ በጠመኔ የሚሥለው ሥዕል ነበር። ቢከር ምን እንደሚመስል እናውቃለን፤ ነክተነው ግን አናውቅም። ዕቃው ቢኖር ቁልፉ የለም፤ ቁልፉ ቢገኝ ደግሞ “ይሰበራል” ይባላል። ይህ በነዚህ ልጆች ላይ አይደገምም አልን።

በሦስተኛው ቀን ውሃ አፈላን። ካፊያ ስለነበር በረንዳ ላይ ነን፤ አርባ የሚሆኑ ልጆች ምድጃውን ከበዋል። ሳንጀምር በፊት፣ አዋቂዎች አይደለን፣ “ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል” ብለን በሰሌዳው ላይ በትልቁ ጽፈናል። ልጆቹ እየተፈራረቁ ጮክ ብለው ያነባሉ፤ ሰባ፣ ሰማንያ፣ ሰማንያ አምስት። ውሃው ተንተከተከ። ቀዩ መስመር 92 አጠገብ ሲደርስ ቀጥ አለ። ከሰል ጨመርን፣ አራገብን። ውሃው ይዘላል፤ መስመሩ ንቅንቅ አይልም። ተበላሽቶ ነው ብለን ሌላ ቴርሞሜትር ነከርን። እሱም እዚያው ቆመ።

እርስ በርስ ተያየን። ከመካከላችን አንዱ ጠጋ ብሎ፣ “በቃ መቶ በሏቸው፤ ፈተና ላይ የሚመጣው እሱ ነው” አለ። አልናቸው። “ዕቃው ትንሽ ችግር አለበት፤ እናንተ 100 ብላችሁ ጻፉ።” ጻፉ። አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ልጅ ብቻ ደብተሯ ላይ 92 አስፍራ አገኘናት። ተሳስተሻል፣ አርሚው ስንላት ቀና ብላ አየችንና፣

“ጋሼ፣ መቶውን ማን አየው?” አለች።

መልስ አልነበረንም። ነገ እንነግርሻለን ብለን ዕቃችንን ሰበሰብን።

ማታ በተከራየናት ቤት ቡና ተፈላ፤ ክርክርም ተነሣ። “ኧረ ቀላል ነገር ነው፣ ምን ያስጨንቃል?” ያለም ነበር። ከመካከላችን አንዷ ጀበናውን ትኩር ብላ ስታይ ቆየችና፣ “እንዴ! የአየር ግፊት!” ብላ ጮኸች። የምር ያፈርነው ያኔ ነው። ተምረነዋላ! የፈሳሽ መፍያ ነጥብ በላዩ በሚጫነው አየር እንደሚወሰን አንደኛ ዓመት ላይ ጽፈን ሙሉ ማርክ አግኝተንበታል። መቶ የሚባለው የባሕር ጠለል ቁጥር ነው፤ የምጽዋ ነው እንጂ የቢቸና አይደለም። ቢቸና 2500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። የሚጫነው ሲቀንስ ውሃው በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይጎድላል። 2500ን ለ300 ብናካፍል ስምንት ከምናምን ሆነ። ከመቶ ላይ ቀነስን። ዕቃው ደኅና ነበር። ልጅቷም ትክክል ነበረች። የተበላሸነው እኛ ነን።

በነጋታው ልጆቹ ፊት ቆመን፣ “ትናንት ያልሆነ ነገር ነግረናችኋል፤ ዕቃው ምንም አልሆነም” አልናቸው። ይህን መናገር ቀላል ነው የሚል ካለ፣ አርባ ልጅ ፊት ቆሞ ይሞክረው። ጭጭ አሉ። ስለ ከፍታና ስለ አየር ክብደት ማስረዳት ስንጀምር ግን ከኋላ አንዱ፣ “ለዚህ ነዋ ንፍሮ በረሃ ቶሎ የሚበስለው!” ብሎ አቋረጠን። ቤተሰቦቹ ቆላ ማሳ አላቸው፤ ለአጨዳ አብሮ ይወርዳል። እናቱ “የበረሃ እሳት ኃይለኛ ነው” ትላለች አለ። ሒሳቡን አብረን ሠራነው። ከደጀን ቁልቁል ወርዶ አባይ ድልድይ አካባቢ ከፍታው 1000 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ውሃ 96 ወይም 97 ዲግሪ ድረስ ሞቆ ነው የሚፈላው፤ ንፍሮው በዚያ ሙቀት ይበስላል። ከ4000 ሜትር በላይ በሆነው ጮቄ አናት ላይ ደግሞ 90 እንኳ ሳይሞላ ይፈላል። የልጁ እናት ያየችው ልክ ነበር፤ ምክንያቱ ብቻ ቀርቷት ነበር። እኛ ምክንያቱን ይዘን ዞረን፣ ዓይናችን ሥር የፈላውን ውሃ ማየት አቃተን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሞጣ ስንገባ ሰሌዳው ላይ ምንም አልጻፍንም። ልጆቹ በሦስት ቡድን ተከፍለው በሦስት ምድጃ አፈሉ፤ ያገኙትን ራሳቸው ጻፉ። 91፣ 92፣ 92። “ቢቸናዎችስ ስንት አገኙ?” አለ አንዱ። ወረቀታቸውን አሳየነው። “እንዳይበልጡን ፈርቼ ነበር” ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። ሁለቱ ከተሞች በከፍታ ተቀራራቢ መሆናቸውን ያለ ካርታ፣ በድስት ውሃ አወቁት።

እዚያው ሞጣ አንድ አባት የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው፣ ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው ሲያዩን ቆዩና፣ “በ67ም መጥታችሁ ነበር” አሉን። እኛ ያኔ አልተወለድንም፤ ለሳቸው ግን ተማሪ ሁሉ አንድ ነው። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በየገጠሩ ተሰማርተው ነበር። ከዚያም በፊት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ዓመት ለአገልግሎት ይወጡ ነበር፤ በ1971 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ትምህርቱ ዘመቻ መጣ። ሽማግሌው ቀጠሉ፤ “ደጎች ነበሩ። ፊደል አስቆጠሩን። ከዚያ ሄዱ። እናንተስ ልጆቼ፣ ስትሄዱ ምን ትታችሁ ትሄዳላችሁ?”

ይህ ጥያቄ ሌሊቱን አላስተኛንም። ዕቃው የኛ አይደለም፤ ፈርመን የወሰድነው ነው። ተሰበረ ማለት ይቻል ነበር። ነገር ግን ቢቸና ላይ አንዴ ያልሆነ ነገር ተናግረን ያየነው ይበቃን ነበር። ስንመለስ ሁለት ቴርሞሜትር፣ አንድ ለቢቸና አንድ ለሞጣ ትተን መጣን ብለን በቅጹ ላይ ጻፍን፤ ዋጋውንም ከኪሳችን አዋጥተን ከፈልን። ትልቅ ነገር አይደለም። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የስቴም ማእከል የሚባል ተከፍቶ የአካባቢ ልጆች በክረምት ይገቡበታል፤ ደግ ነው። ከማእከሉ ርቆ ላለ ልጅ ግን በእጁ የሚቀር አንድ ዕቃ ያስፈልገዋል።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። በዝናብ ቀን ካርቶን አቅፎ በደጀን በኩል መውጣት ቀርቶ፣ ልጆቹን በስልክ ማግኘት የሚያቅትበት ጊዜ መጣ። ያቺ ልጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የምትገባበት ዕድሜ ላይ ናት። ውሃ በጣድን ቁጥር እናስባታለን።

በመጪዎቹ ክረምቶች ለዚህ ሥራ የምትወጡ ጓደኞቻችን፣ ከኛ አንድ ነገር ብቻ ያዙ። ምድጃ፣ ድስትና ቴርሞሜትር ውሰዱ፤ ሰሌዳውን ግን ባዶ ተዉት። ቁጥሩን ልጆቹ ይጻፉት።