በቴሌግራም ለምትነግድ ልጅ የትኛው መጽሐፍ ይሻላል?

ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መጽሐፍ ሻጮቹ ጋ ቆም ብዬ ነበር።

አጠገቤ የነበረች ወጣት "ጋሼ፣ በቴሌግራም ጫማ ነው የምሸጠው። የሚጠቅመኝ የትኛው ነው?" ብላ ሻጩን ጠየቀችው። እሱም ቶሎ ሀብታም ስለመሆን የሚያወራ ቀጭን መጽሐፍ አነሳላት።

አላስቻለኝም፣ ገባሁበት። "እህቴ፣ መጀመሪያ ማውጫውን እዪው" አልኳት።

ምዕራፎቹ ሁሉ ስለ "ስኬት" እና ስለ "አስተሳሰብ" ከሆኑ እኔ እመልሰዋለሁ። ገንዘቡ ከየት መጣ፣ ዕቃው እንዴት ደረሰ፣ ማን ከሰረ የሚል ካገኘሁበት ግን እገዛዋለሁ።

ደንከን ክላርክ ስለ አሊባባ የጻፈውን (እ.ኤ.አ. 2016) የምወደው ለዚህ ነው። የቻይና ገዢ ለማያውቀው ሻጭ ብር መላክ ይፈራ ነበር። የአሊባባ የክፍያ አገልግሎት አሊፔይ መጣና ገንዘቡን መሃል ላይ ያዘው፤ ገዢው "ዕቃው ደርሶኛል" ሲል ለሻጩ ይለቅቃል።

የኛም ጭቅጭቅ እኮ ይኸው ነው! አንዱ "ቅድሚያ ክፈል" ይላል፣ ሌላው "ዕቃውን ሳላይ አልከፍልም"። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከመጣ ወዲህ መክፈሉ ቀሏል፤ መተማመኑ ግን ገና ነው።

የማይክል ፖርተር የውድድር ስትራቴጂ መጽሐፍ (እ.ኤ.አ. 1980) ከባድ ነው። ቢሆንም የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻውን ዋጋውን ያወጣል፤ ከተፎካካሪ ሌላ አቅራቢውና ደንበኛውም ትርፍህን እንዴት እንደሚሻሙህ ያሳይሃል።

መጽሐፉ ስለ ፌስቡክ ማስታወቂያ ከሆነ ደግሞ የታተመበትን ዓመት ሳታዩ እንዳትገዙ። ቶሎ ያረጃል።

እናንተስ? ከመርካቶ ነጋዴ ልምድ ተነስቶ በአማርኛ የተጻፈ ጥሩ መጽሐፍ ታውቃላችሁ? ርዕሱን ጻፉልኝ፣ ለልጅቷም ለእኔም ይጠቅማል።